ጦሳን በከሰል መሥራት፦ ለምን ሁሉም ግራጫ ይሆናል?

ጦሳ_ሥር፦

ሰላም ለቤቱ። ደሴን በከሰል እየሠራሁ ነው። ከአዝዋ ገደል በኩል ሆኖ ወደ ምዕራብ ሲታይ ከተማው መሀል ላይ፣ ጦሳ ተራራ ከኋላ። ወረቀቱ ኤ3፣ 120 ግራም፣ ለስላሳ። ከሰሉ አንድ ዓይነት ነው፣ ጥቁሩ ጠንካራው (ኮምፕረስድ የሚሉት)። ሰዓቱ ጠዋት ከ1 እስከ 3።

ሦስት ሙከራ፣ ሦስቱም አንድ ናቸው። ተራራው፣ ቤቱ፣ ዛፉ ሁሉ አንድ ግራጫ ይሆናል። ላጲስ አያነሳውም። ቆርቆሮው ደግሞ በዝቶ የተበተነ ክብሪት ይመስላል። ሥዕሉ ለእናት የሚሰጥ ነው፤ ስለዚህ "አንድ ተራራ" ቢሆን አይበቃም፣ ባየችው ቅጽበት "ጦሳ!" ማለት አለባት። ከየት ልጀምር?

ጥቁር_ጣት፦

አብሽር፣ ጥፋቱ የእጅህ አይደለም። ሦስት ነገር ተደራርቦብሃል፤ ከሰሉ፣ ወረቀቱና ሰዓቱ። ሰዓቱን የሚያውቀው ሰው ይመጣል፣ እኔ በሁለቱ ልሂድ።

የያዝከው የታመቀ ከሰል ነው። የከሰል ዱቄት ከማጣበቂያ ጋር ተጨምቆ ይሠራል። ያን የመሰለ ጥቁረት የሚሰጠው ከወረቀቱ ጋር ስለሚጣበቅ ነው፣ ላጲስም የሚቸገረው በዚያው ምክንያት ነው። በእሱ ከጀመርክ የመጀመሪያዋ መስመር የመጨረሻም ናት። ስትሳሳት ታሸዋለህ፣ ሲታሽ ግራጫ ይሆናል፣ ግራጫው ከጎኑ ካለው ግራጫ ጋር ይገናኛል፣ ጦሳና ቆርቆሮው አንድ ሆኑ ማለት ነው።

መጀመሪያ የሚያስፈልግህ የቀንበጥ ከሰል ነው። ማጣበቂያ የለውም፣ እንጨት ተቃጥሎ የቀረው ብቻ ነው። በጨርቅ ሲመቱት ይረግፋል። የሥዕሉን አብዛኛውን ክፍል በእሱ ሥራ። የታመቀው የሚወጣው መጨረሻ ላይ ነው፣ ሁለት ወይም ሦስት ቦታ ብቻ ለመንካት።

ወረቀቱ፦ ከሰል የሚይዘው ሸካራነቱ ውስጥ ገብቶ ነው። ለስላሳ ወረቀት አንድ ንብርብር ይቀበልና ሁለተኛው ላይ ይንሸራተታል፤ ጥቁር ልታደርገው ብትጫን ያብረቀርቃል እንጂ አይጠቁርም። 160 ግራምና ከዚያ በላይ፣ ትንሽ ሸከር ያለ ይሁን። ስትገዛ አንዲት ቁራጭ ከሰል ይዘህ ሂድና ጥግ ላይ በጎኗ ጎተት አድርጋት (ባለሱቁን አስፈቅደህ!)። በጥቁሩ መካከል ነጫጭ ነጥቦች ከቀሩ ወረቀቱ ይይዛል። ምንም ነጥብ ከሌለ ተወው። ሌላ ካጣህ የያዝከውን ገልብጠህ ጀርባውን ዳስሰው፤ የአንዳንዱ ወረቀት ጀርባ ከፊቱ ይሻክራል።

ሐረጎ_ጥምዝ፦

የሰዓቱን ነገር እኔ ልውሰደው፣ ምክንያቱም ከሰሉን ብትቀይርም ይሄ ካልተስተካከለ ግራጫው አይለቅህም።

ከአዝዋ ገደል በኩል ወደ ጦሳ ስታይ ፊትህ ወደ ምዕራብ ነው። ጠዋት 1 ሰዓት ፀሐይ ከጀርባህ ናት። የተራራው ፊት ሙሉ በሙሉ ይበራል፤ ሸንተረሩም ሸለቆውም እኩል ብርሃን ያገኛል። ጥላ አለ፣ ግን ከእያንዳንዱ ነገር ኋላ ተደብቋል፣ አንተ ካለህበት አይታይም። ከሰል ደግሞ ያለ ጥላ ምንም ማለት አይችልም። አረንጓዴውን ከቡናማው የሚለየው ቀለም ነው፣ ከሰል ቀለም የለውም።

ሁለት ምርጫ አለህ።

አንደኛው ረፋድ፣ 4 ሰዓት ተኩል አካባቢ፣ ከኅዳር እስከ ጥር ባሉት ወራት። ደሴ ከምድር ወገብ በሰሜን 11 ዲግሪ ላይ ስለሆነች በእነዚህ ወራት ፀሐይ በደቡብ በኩል ዘንበል ብላ ነው የምታልፈው። ወደ ምዕራብ ለሚያይ ሰው ያ ማለት ከግራ በኩል። ሸንተረሮቹ ግራ ጎናቸው ይበራል፣ ቀኛቸው ይጠላል፣ ተራራው ሥጋ ያወጣል። በሰኔና በሐምሌ ነገሩ ይገለበጣል፤ የቀትሯ ፀሐይ በሰሜን ናት፣ ብርሃኑ ከቀኝ ይመጣል (ጉሙ ከፈቀደ)። በሚያዝያና በነሐሴ አጋማሽ ቀትር ላይ አናት ላይ ስለምትቆም ለሥዕል የማይረባ ብርሃን ነው፣ ጥላ ሁሉ እግር ሥር ይገባል።

ሁለተኛው ከሰዓት በኋላ ነው፣ ከ9 ሰዓት በኋላ። ፀሐይ ወደ ጦሳ ጀርባ ታዘቀዝቃለች፣ ወደ አንተ ያለው ፊቱ ጥላ ውስጥ ይገባል። ተራራው በሙሉ አንድ ትልቅ ጨለማ ቅርጽ ይሆናል፣ ሰማዩ ከጀርባው ይበራል። ለጀማሪ ይሄ ይሻላል፤ ከሰል የሚወደውም ይህንን ነው። የጦሳ ጀርባ መስመር (ተራራው ከሰማዩ የሚለይበት) እንደ ፊርማ ጥርት ብሎ ይወጣል። እናትየው የምታውቀው ያን መስመር ነው፣ የእያንዳንዱን ሸንተረር ብዛት አይደለም።

አንዴ ሰዓት ከመረጥክ እዚያው ላይ ጽና። አንድ ሥዕል ላይ የጠዋት ጥላና የማታ ጥላ የተቀላቀለበት ሰው ሳያውቀው "አንድ ነገር ልክ አይደለም" ይላል። ሥራው ከ40 ደቂቃ በላይ ከፈጀ ጥላው ተንቀሳቅሷል፣ በማግስቱ በዚያው ሰዓት ተመለስ። የጥላውን ጠርዝ በመጀመሪያው 5 ደቂቃ በቀጭን መስመር ምልክት አድርገህ ያዘው።

ጦሳ_ሥር፦

አላህ ይስጥልኝ፣ ለካ ጉዱ እዚህ ነው። ከሰዓቱን እመርጣለሁ። ግን ተራራው ጥላ ከሆነ ከተማውም ጥላ ሆነ፣ እንዴት ይለያያሉ? ቅደም ተከተሉንስ በእርምጃ የሚነግረኝ አለ?

ጥቁር_ጣት፦

አለ። ረጅም ነው፣ ቡናህን ይዘህ አንብብ።

ወረቀቱን ኮምፔንሳቶ ላይ በወረቀት ፕላስተር ለጥፍ፣ ዙሪያውን 2 ሴ.ሜ ሸፍነህ። ሲላቀቅ ንጹሕ ነጭ ጠርዝ ይቀርልሃል፣ ለክፈፍም ይሆናል። ከሥሩ ሁለት ሦስት ወረቀት አንጥፍ፣ አለበለዚያ የእንጨቱ መስመር ራሱ በከሰሉ ላይ ታትሞ ይወጣል። ሰሌዳው ቀጥ ብሎ ይቁም። ጋደም ካለ ብናኙ በሥዕሉ ላይ ይቀራል፣ ከቆመ ወደ መሬት ይረግፋል።

መስኮት ቁረጥ። ካርቶን ላይ 7 በ9.9 ሴ.ሜ ቀዳዳ፣ ከኤ3 ጋር አንድ ዓይነት ምጥጥን ነው። አንድ ዓይንህን ጨፍነህ በቀዳዳው እያየህ አስጠጋው፣ አርቀው፣ ምን እንደሚገባና ምን እንደሚቀር እዚያ ላይ ወስን። ከዚያ ትልቁን ሳትነካ በትንሽ ወረቀት ላይ ሦስት ንድፍ፣ እያንዳንዱ የክብሪት ሣጥን ሁለት እጥፍ ቢሆን ይበቃል፣ እያንዳንዱ 3 ደቂቃ። በውስጡ ሦስት ቶን (የብርሃንና የጨለማ ደረጃ) ብቻ፦ ነጭ፣ መሀል፣ ጥቁር። በዚያ መጠን ጦሳ ጦሳን ካልመሰለ በኤ3ም አይመስልም። ይህን የሚዘል ሰው ብዙ ነው፣ ወረቀት የሚያባክነውም እሱ ነው።

አሁን ትልቁ። ከቀንበጥ ከሰል 4 ሴ.ሜ የምታህል ቁራጭ ስበር፣ በጎኗ አጋድመህ ሙሉ ወረቀቱን ሳትጫን ሸፍን። ከዚያ በደረቅ የጥጥ ጨርቅ፣ አሮጌ ነጠላም ይሆናል፣ በሰፊው በክብ ጥረግ። ወረቀቱ ቀለል ያለ ግራጫ ይሆናል። ይሄ መነሻህ ነው። ከዚህ ወደ ብርሃን በላጲስ ትወጣለህ፣ ወደ ጨለማ በከሰል ትወርዳለህ። ነጭ ወረቀት ላይ የሚጀምር ሰው ሁሌ ወደ ጨለማ ብቻ ስለሚሄድ ይፈራል፣ ሲፈራ ደግሞ ያሽሞነሙናል።

የጦሳን ጀርባ መስመር አሁን አስገባ። መለካት ግዴታ ነው። ክንድህን ሙሉ ዘርግተህ፣ አንድ ዓይን ጨፍነህ፣ ቀንበጡን አቁመህ ከከተማው ግርጌ እስከ ተራራው አናት ያለውን በአውራ ጣትህ ያዝ፣ ከዚያ ቀንበጡን አጋድመህ ያ ቁመት በስፋቱ ውስጥ ስንት ጊዜ እንደሚገባ ቁጠር። ዓይን ተራራን ያስረዝማል፣ እጅም ይከተላል። ሁሉም ሰው ተራራን ከሆነው በላይ ሹልና ከፍ አድርጎ ነው የሚሥለው። ስትለካው "ይህን ያህል ጠፍጣፋ ነው እንዴ?" ትላለህ። አዎ፣ ነው። የጦሳ መልክ ያለው እዚያ ረጅም ጀርባ ላይ ነው፣ ቁመቱ ላይ አይደለም።

ከዚያ ሰማዩን በላጲስ አንሳ፣ ተራራውን በአንድ ቶን ሙላ፣ ከተማውን በሌላ። ዓይንህን ጨፈን አድርገህ (ሙሉ በሙሉ ሳይሆን ሽፋሽፍት እስኪያጠላ) እይ። ጨፈን ሲሉ ዝርዝር ይጠፋል፣ የሚቀረው ቶን ነው።

ጥያቄህ ከተማውና ተራራው እንዴት ይለያሉ ነበር። በጠርዝ ይለያሉ። ከሰዓት ሁለቱም ጥላ ቢሆኑም በመካከላቸው የምድጃ ጭስና አቧራ አለ። ጭሱ የጦሳን ግርጌ ያሳሳዋል። ስለዚህ ተራራው አናቱ ላይ ጥቁር፣ ወደ ታች እየቀለለ የሚሄድ ይሁን፤ ከተማው ሲጀምር ደግሞ እንደገና ይጠቁራል። ጀማሪ ተቃራኒውን ያደርጋል፣ "ታች ከባድ ነው" ብሎ ግርጌውን ያጠቁራል፣ ያኔ ተራራው ከቆርቆሮው ጋር ተጣብቆ ይቀራል።

የጨለማ_ክፍል፦

ከላይ የተባለው ሁሉ ልክ ነው፣ አንድ ነገር ልጨምር። ቦታው ላይ መቆም የማይችል ሰው በስልክ ያነሳል። የስልክ ካሜራ ግን ሰፊ ስለሚያይ ሩቁን ያሳንሳል፤ ጦሳ ከበስተጀርባ የተቀመጠ ጉብታ ይሆናል። 2 እጥፍ አቅርባችሁ አንሱ። ሁለት ፎቶ ይሁን፣ አንዱ ስክሪኑ ላይ ሰማዩን ነክቶ፣ አንዱ ጨለማውን ነክቶ፣ ምክንያቱም ስልክ ብዙ ጊዜ ሁለቱን አንድ ላይ አይዝም፤ ወይ ሰማዩ ባዶ ነጭ ይሆናል ወይ ጥላው ድፍን ጥቁር። ከዚያ ወደ ጥቁርና ነጭ ቀይሩት። ባይሆን ቀለሙ ያታልላል፣ ከክረምት በኋላ ያለው አረንጓዴ ለዓይን ብሩህ መስሎ በጥቁርና ነጭ ሲታይ ከባድ ግራጫ ነው።

ሐረጎ_ጥምዝ፦

ስለ ቆርቆሮውም ማንም አልመለሰለትም።

ቆርቆሮ አትቁጠር። ከሩቅ የሚታየው ጣሪያው ብቻውን አይደለም፣ ጣሪያው ከግድግዳው የሚለይበት የጥላ መስመር ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ጥላውን ሥራ፦ ከጣሪያ ጠርዝ በታች ያለችውን ጥቁር ቀጭን ጭረት፣ ሰፈር በሰፈር፣ አምስትና ስድስቱን በአንድ እጅ እንቅስቃሴ። ጣሪያዎቹ በመካከል በራሳቸው ይወጣሉ። ከዚያ ከሁሉም ውስጥ ሦስት ወይም አራት ብቻ ምረጥና ነጭ እስኪሆኑ በላጲስ አንሳ፣ አዲስ ቆርቆሮ ፀሐይ ያገኘው ነው። የዛገው በመሀለኛው ግራጫ ይቅር። ሁሉም ከበራ አንዱም አልበራም።

ላጲሱን በካተር በሰያፍ ቁረጠው፣ ስለታም ጫፍ ይወጣዋል። በዚያ ጫፍ የባሕር ዛፍ ግንድም ይሠራል። ጨለማውን የዛፍ ክምር ከሞላህ በኋላ ከታች ወደ ላይ በአንድ ጊዜ ጎተት፣ ነጭ ግንድ ወጣ። ከመጠን በላይ አታብዛ፣ ሰባት ግንድ ደን ነው፣ ሠላሳ ግንድ አጥር ነው።

ደማቅ_ጠዋት፦

ወንድሞች፣ በጣት አትሹ የሚለውን ማንም አላነሳም። ጣት ላይ ቅባት አለ። ባሸው ቦታ ላይ ከሰሉ ይጣበቃል፣ ላጲስ አይሠራበትም፣ ከቀናት በኋላ የጣት ምልክቱ ይታያል። ጨርቅ፣ ጥጥ ወይም የተጠቀለለ ወረቀት ይሁን።

ጥቁር_ጣት፦

ስሜን አይተሽ ነው የመጣሽው? :) በከፊል እስማማለሁ። ሰማይና ጉም ላይ ጣት ክልክል ነው፣ ይበላሻል። መሬት ላይ ግን፣ ከፊት ለፊት ላለው ድንጋይና ጭቃ፣ ጣት የሚሰጠውን ሸካራ ግፊት ጨርቅ አይሰጥም። የማይታረም መሆኑን አውቀው ነው የሚነኩት። ዋናው ጥፋት ማሸቱ ራሱ አይደለም፣ *ሁሉንም* ማሸት ነው። የታሸ ነገር ይርቃል፣ ያልታሸ ይቀርባል። ሁሉንም ካሸሽው ሁሉም እኩል ሩቅ ሆነ።

ደማቅ_ጠዋት፦

ይሁን፣ መሬቱን ፈቅጄልሃለሁ።

እመት_በረካ፦

ልጆቼ፣ የቀንበጥ ከሰል አጣን የምትሉ እዚያው ቤት ይሠራል። ጦሳን ለመሥራት ጣሳ ነው የሚያስፈልገው።

ቀንበጡ ከወንዝ ዳር አኻያ ቢሆን ከሁሉ ይሻላል፣ የወይን ሐረግም ይሆናል። ውፍረቱ እንደ እርሳስ፣ ከ5 እስከ 8 ሚ.ሜ፣ ቀጥ ያለ፣ አንጓ የሌለው። ልጣጩን ርጥብ ሳለ ላጡት፣ ሲደርቅ አይላጥም። ሁለት ሳምንት ጥላ ላይ ይድረቅ። ርጥብ ከገባ በእንፋሎቱ ይሰነጠቃል።

የወተት ዱቄት ጣሳ ክዳኑ ጥብቅ የሆነ፣ ክዳኑ ብረት እንጂ ፕላስቲክ አይሁን። ክዳኑ ላይ በምስማር አንድ ቀዳዳ፣ 2 ሚ.ሜ፣ ከዚያ አይበልጥ። ቀዳዳው የሚያስፈልገው ጋዙ እንዲወጣ ነው፤ ሙሉ ከተዘጋ ክዳኑ ይፈነጠራል፣ ቀዳዳው ከሰፋ አየር ይገባና ቀንበጡ አመድ ይሆናል። ቀንበጡን አቁማችሁ ጥብቅ አድርጋችሁ ሙሉት፣ ክፍተት ካለ ይጣመማል።

ጣሳውን ፍም ውስጥ ቅበሩት፣ ላዩ ላይም ፍም ይኑር። ውጭ ይሁን፣ በረንዳም አይሆንም፣ ጭሱ ሰው ይገድላል። መጀመሪያ ነጭ እንፋሎት ይወጣል፣ ቀጥሎ ወፍራም ቢጫማ ጭስ፣ ክብሪት ቢጠጋው የሚነድ። ጭሱ ሲቆም አለቀ። ሰዓቱን የምትለኩት በቡና ነው፤ አቦል ሲቀርብ ከገባ በረካው ሲጠጣ ይደርሳል፣ አንድ ሰዓት ወይም ትንሽ በላይ።

አውጡና ቀዳዳውን በጭቃ ድፈኑ። እስከ ማግስቱ አትክፈቱት! ትኩስ ሳለ ከተከፈተ አየር ሲያገኝ እዚያው ይቀጣጠላል፣ ልፋቱ ሁሉ አመድ። ሲከፈት ቡናማ የሆነ ካለ አልበሰለም፣ ወረቀት ይቧጭራል፣ ተመልሶ ይግባ። በእጅ ሲነኩት ዱቄት የሚሆን ከሆነ እሳቱ በዝቶበታል ወይም ቀንበጡ ቀጥኖ ነበር። ጥሩው ሲሰበር ጠቅ ይላል፣ ወረቀት ላይ ድምፅ አያሰማም።

ቦርከና_ዳር፦

እሜቴ ዕድሜ ይስጥልን። የገበያ የምድጃ ከሰልስ? ማዳበሪያ ሙሉ ቤት አለ።

እመት_በረካ፦

የገበያው ከወፍራም ግንድ ነው፣ ከግራርና ከመሳሰለው፣ ደረቅና ያልተስተካከለ። አንዱ ጫፍ ይጽፋል፣ ሌላው ጫፍ ይቧጭራል። ለመስመር አይሆንም። ግን ሙቀጫ ውስጥ ወቅጣችሁ በቀጭን ሻሽ ብትነፉት ዱቄቱ ለመነሻው ግራጫ ግሩም ነው፤ ለኤ3 አንድ የሻይ ማንኪያ ይተርፋል። አፍና አፍንጫ ይሸፈን፣ ለሳንባ አይበጅም።

ቦርከና_ዳር፦

እንግዲያውስ ጥያቄ ከኮምቦልቻ። ከሐረጎ መታጠፊያዎች ላይ ቁልቁል ኮምቦልቻን መሥራት ነው ሐሳቡ። ችግሩ ሜዳው ጭጋጋማ ነው፣ ሁሉም ነገር ይሟሟል፣ ሥዕሉ ባዶ ይመስላል።

ሐረጎ_ጥምዝ፦

ስሜ ተጠራ።

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ከ600 ሜትር በላይ ነው የሚወረደው። ታች ያለው አየር ይሞቃል፣ አቧራና ጭስም ይይዛል፣ አንቺ የምታይው በዚያ ሁሉ አየር ውስጥ አልፎ ነው። ሜዳው መሟሟቱ እውነት ነው፣ አትዋጊው። ባዶ የሚመስለው ሜዳው ስለሳሳ አይደለም፣ ከፊት ለፊቱ የሚመዘን ጥቁር ነገር ስለሌለ ነው። ከመታጠፊያው ጠርዝ የባሕር ዛፍ ግንድ ወይም ቁልቋል ውሰጂ፣ ወረቀቱ ግራ ወይም ቀኝ ላይ አንድ ሦስተኛውን ያህል ይያዝ፣ የታመቀውን ከሰል እዚያ ላይ አውጪው። ወዲያው ሜዳው ወደ ኋላ ይሄዳል፣ የሳሳው ነገር ሁሉ ርቀት ይሆናል።

ሜዳው ላይ አራት ደረጃ ብቻ፦ የቅርቡ ዳገት፣ ከተማው፣ ከከተማው ወዲያ ያለው እርሻ፣ የመጨረሻው ኮረብታ። እያንዳንዱ ከፊተኛው አንድ ደረጃ ይቅለል። ቦርከናን በመስመር አትሥሪው። ውኃው ራሱ ከሩቅ ብዙም አይታይም፣ የሚታየው ዳሩን ተከትሎ የሚሄደው የዛፍ ጥቁረት ነው። ያን ጠማማ ጥቁረት አስቀምጪ፣ በአንድ ወይም በሁለት ቦታ ላይ በላጲስ ጫፍ ነክተሽ ብልጭታ አውጪ። ዓይን የቀረውን ራሱ ይሞላዋል።

ከዝናብ ማግስት ከሆነ ግን ይሄ ሁሉ ይሰረዛል፣ አየሩ ታጥቦ የሩቁ ኮረብታ ከቅርቡ እኩል ይጠቁራል። ያኔ ርቀቱን በዝርዝር ብዛት ለዪ፤ ቅርብ ያለው ላይ ቅጠል ይታይ፣ ሩቅ ያለው ላይ ምንም።

ያረጀ_በር፦

የኔ ጥያቄ ትንሽ ይለያል። ቦታው የለም። ሰኞ ገበያ አካባቢ የነበረ ግቢ፣ ፈርሶ ፎቅ ተሠርቶበታል። አንድ ደብዛዛ ፎቶ አለ፣ እሱም ሰው ቆሞበት ግማሹን ሸፍኗል። ለአያት የሚሰጥ ነው። ከምናብ ስሠራው የተረት ቤት ይመስላል።

ጥቁር_ጣት፦

የተረት ቤት የሚመስለው ሁሉም ነገር እኩል ግልጽ ስለሆነ ነው። ትዝታ እንደዚያ አይደለም፣ አንድ ቦታ ጥርት ይላል፣ ዙሪያው ይጠፋል። ያንን ጥቅም አድርገው።

መጀመሪያ ያልፈረሰውን ያዝ። የተራራው ጀርባ አልፈረሰም። ግቢው ከነበረበት ቦታ ቆመህ የጦሳን መስመር ለካ፣ እሱ የሥዕሉ ችንካር ነው። ቀጥሎ አያትን ስትጠይቅ "ቤቱ ምን ይመስል ነበር?" አትበል፣ "ያምር ነበር" ብለው ነው የሚመልሱልህ። በሩ ወዴት ይዞር ነበር በል። ዛፉ ከጣሪያው ይበልጥ ነበር ወይስ ያንስ? ከበሩ እስከ አጥሩ ስንት እርምጃ ነው? ጠዋት ፀሐይ በየት ትገባ ነበር? ወደ ምሥራቅ የዞረ በር ጠዋት ብርሃን ያገኛል፣ እዚያው የሥዕሉ ሰዓት ተወሰነልህ። ፎቶው ላይ ያለው ሰው ደግሞ አልሸፈነብህም፣ መለኪያ ሰጥቶሃል። የሰው ቁመት አንድ ሜትር ከሰባ አካባቢ ብለህ ያዝና በአጠገቡ ያለውን ግድግዳና በር በእሱ ለካ፤ ከካሜራው እኩል ርቀት ላይ ያለውን ብቻ ግን፣ ከኋላው ያለው ያንሳል።

የማታውቀውን አትፍጠር። ያላገኘኸውን ግድግዳ በጨርቅ አደብዝዘህ ወደ ወረቀቱ ልቀቀው። የምታውቀውን አንድ ነገር፣ በሩን ወይም የዛፉን ግንድ፣ ያልታሸ ጥርት ያለ ጠርዝ ስጠው፤ ጥቁር ከነጭ የሚገናኝበት እዚያ ብቻ ይሁን።

ጦሳ_ሥር ለአንተም ይሄው ነው። በስልክ ለእናትህ ሥዕሉን ብታሳያት መጀመሪያ ጣትህ የሚያርፈው የት ነው? አይጠየፍ (የንጉሥ ሚካኤል አዳራሽ) ላይ? የሰፈሩ መስጊድ ላይ? የተራራው ትከሻ ላይ? እሱን ምረጥና ከፍተኛውን ንፅፅር ለዚያ ስጥ። አይጠየፍ ከሆነ በዚያ ርቀት ሁለት ገጽታ ይበቃዋል፣ አንድ የበራ ጣሪያ፣ አንድ የጠላ ግድግዳ፤ መስኮት ልትቆጥር አትግባ። የቀረው ከተማ ግማሽ ቶን ዝቅ ይበል።

ደማቅ_ጠዋት፦

ለክረምት ሠሪዎች፦ ጉሙ ከሰል ላይ በመጨመር ሳይሆን በመቀነስ ነው የሚመጣው። ተራራውን ሙሉ ሥሩት፣ ከዚያ ንጹሕ ጨርቅ ጣት ላይ ጠቅልላችሁ በአግድም ጥረጉት። ጉም ከላይ ጠርዙ ይለሰልሳል፣ ከታች ደግሞ ቀስ ብሎ ይጠፋል፤ ሁለቱ ጠርዝ አንድ ከሆነ ጥጥ የተለጠፈ ይመስላል። ወረቀቱንም በላስቲክ ከረጢት ያዙ። እርጥበት የጠጣ ወረቀት ይጨማደዳል፣ ከሰሉንም ጠጥቶ አይለቅም።

ላጲስ ላጣችሁ የነጭ ዳቦ ልብ፣ የዕለቱ፣ ቅቤ ያልነካው። እንደ ሊጥ አሽታችሁ ቀስ ብላችሁ ተጫኑ እንጂ አትፈግፍጉ። ላጲስ ከመምጣቱ በፊት ሠዓሊዎች ይጠቀሙ የነበረው ይሄን ነው። ሲጠቁር ጣሉት።

ጦሳ_ሥር፦

አራተኛው ሙከራ አለቀ፣ ከ10 ሰዓት ብርሃን፣ በቀንበጥ ከሰል። ተራራው ለየ! ጥርት ያለውን ጠርዝ ለጦሳ ትከሻ ሰጠሁት። አሁን እንዳይጠፋ ምን ይደረግ? የፀጉር ስፕሬይ ይሆናል የሚል ሰማሁ። እናት የምትኖረው ሌላ አገር ነው፣ መላክም አለበት።

ፍሬም_ሠሪ፦

የፀጉር ስፕሬይ ይይዛል፣ ግን ለመሸጎጫ ነው እንጂ ለግድግዳ አይመከርም። በጊዜ ብዛት ወረቀቱን ቢጫ ያደርገዋል፣ ሽታም አለው። ፊክሳቲቭ (ከሰልን ወረቀት ላይ የሚያስይዝ የሥዕል ስፕሬይ) ከተገኘ እሱ ይሁን። በሁለቱም አረጫጨቱ አንድ ነው፦ ሥዕሉን አቁም፣ 30 ሴ.ሜ ራቅ፣ መርጨት ከሥዕሉ ውጭ ጀምርና ውጭ ጨርስ። መሀል ላይ ከጀመርክ የመጀመሪያዋ ጠብታ ሥዕሉ ላይ ትወድቃለች። ቀጭን ሦስት ዙር፣ በየመካከሉ 10 ደቂቃ። አንድ ወፍራም ዙር ከሰሉን ያርሰውና ያጠቁረዋል። ስፕሬይ ሁሉ ሥዕሉን ትንሽ ያጨልማል፣ በተለይ ስሱን ግራጫ፤ ስለዚህ በላጲስ ያነሳኸውን ብርሃን ከስፕሬይ በፊት ከምትፈልገው ትንሽ አብራው። በመጀመሪያ ከተጣለ ቁራጭ ላይ ሞክር። ውጭ ይረጭ፣ እሳት ካለበት ይራቅ።

ለመላክ አትጠቅልለው። ጥቅል ወረቀት በራሱ ላይ ይፈገፈጋል፣ ትከሻው ይጠፋል። በሁለት ጠንካራ ካርቶን መካከል ጠፍጣፋ አድርገህ፣ በሥዕሉ ላይ የትሬሲንግ ወረቀት አንጥፈህ፣ ትሬሲንጉን ከላይ ብቻ ለጥፈው፣ አራቱንም ጎን አትለጥፍ። የሁለቱን ካርቶን ጠርዝ ግን ዙሪያውን እሰረው።

እሷ ስታስከፍፍ ንገራት፦ መስታወቱ ሥዕሉን አይንካ። በመካከል 3 ወይም 4 ሚ.ሜ ክፍተት የሚሰጥ የካርቶን ጠርዝ ይግባ፣ አንተ የተውካት 2 ሴ.ሜ ነጭ ለዚያ ትሆናለች። ፕላስቲክ መስታወት አይሁን። ሲወለወል ኤሌክትሪክ ይይዝና ብናኙን ከወረቀቱ ይስበዋል፣ ከጊዜ በኋላ ጦሳ መስታወቱ ላይ ይገኛል።

ጦሳ_ሥር፦

ተመዘገበ። ስፕሬዩን ነገ ጠዋት፣ ዛሬ ነፋስ አለ። ለሙከራ ቁራጭ እንኳ ሦስት የከሸፉ ሥዕሎች አሉኝ።